ስስ ብረት በምን ይቆረጥ?

ከሦስት ዓመት በፊት የማድ ቤታችንን ጣሪያ አስቀየርኩ። የመረጥነው ግራጫ ቀለም የተቀባ ኢጋ ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮውን የመታልን ልጅ ትጉ ነው፤ እጁም ፈጣን። ግን መሬት ላይ አጋድሞ ለክቶ ከመቁረጥ ይልቅ እዚያው ጣሪያው ላይ እንደቆመ በግራይንደር ይሸነሽነው ነበር። ፍንጣሪው እስከ ጎረቤት አጥር ይበተናል፤ የሰፈሩ ልጆች ቆመው ያያሉ፤ እኔም ሥራው ቶሎ አለቀልኝ ብዬ ደስ ብሎኛል። ክረምቱ ሳይወጣ በተቆረጠበት ጠርዝ ሁሉ ቡናማ መስመር ወጣ። እሱን እንኳ ጠርዝ ነው ብዬ ባለፍኩት። የገረመኝ ከጠርዙ አንድ ክንድ ርቆ፣ ማንም ባልነካው ቦታ፣ ጤፍ የተበተነ የሚመስል የዝገት ነጥብ መታየቱ ነው። መሰላል አስደግፌ ወጥቼ ስዳብሰው እያንዳንዱ ነጥብ ሻካራ ነው፤ ጥፍር ይይዛል።

ነገሩ በኋላ ገባኝ። ከግራይንደር የሚፈናጠረው የጋለ የብረት ቅንጣት ነው። ቀለሙ ላይ ሲያርፍ አቅልጦት ይጣበቃል፤ ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል፤ ዝገቱም ከሥሩ ወዳለው ቆርቆሮ ይገባል። ጠርዙም የራሱ ጣጣ አለው። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የተለበጠው ዚንክ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ በ907 ይተናል። ብረት ለመቅለጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ገና ምንም ሳይሆን ልብሱ ተቃጥሎ ያልቃል። በመቀስ የተቆረጠ ቆርቆሮም ጠርዙ ይራቆታል፤ ግን አጠገቡ ያለው ዚንክ ራሱ እየተበላ የተራቆተውን ብረት ይጠብቅለታል፤ ብረቱ ስስ ስለሆነም የሚጠበቀው ቦታ ጠባብ ነው። እሳት የነካው ጠርዝ ግን ጠባቂውም አብሮ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ስስ ብረት ለመቁረጥ መሣሪያ ልገዛ ነው የሚል ሰው ሲያማክረኝ፣ ስለ ሞተሩ ጉልበት ከማውራታችን በፊት ብረቱ ምን ያህል ስስ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ሰው ብረት ለመቁረጥ ጉልበት ያለው ማሽን ይፈለጋል ብሎ ያስባል። ወፍራም ብረት ላይ እውነት ነው። ስስ ብረት ግን ለጉልበት አይቸገርም። የሚያስቸግረው መርገብገቡ፣ ጥርስ ውስጥ መሰንቀሩና ቶሎ መጋሉ ነው። ጉልበት ሲጨመርበት ሦስቱም ይብሳሉ።

ስስ የምለው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ያለውን ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ጌጅ 28 ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጌጅ 32 ከዚያም ይቀጥናል። ለበርና ለመስኮት የሚውለው ቱቦላሬና ኤልቲዜድ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የነዳጅ በርሜል 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

አሁን አንድ ሴጌቶ አንሥተው ጥርሱን በቅርብ ይዩት። በምላጩ ላይ 18 ወይም 24 ወይም 32 የሚል ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ጥርሶች ብዛት ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ባለ 18ቱ ምላጭ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ላሜራ በእሱ ለመቁረጥ ሲሞክሩ ላሜራው ሁለት ጥርስ መካከል ይወድቃል። ቀጣዩ ጥርስ ሲመጣ ከላይ እየፋቀ ሊያልፍ አይችልም፤ ጠርዙን እንደ መንጠቆ ይይዘዋል። ያ ነው ቀጭ ብሎ የሚቆመው፤ ያ ነው ጥርሱን የሚያረግፈው። በእጅ ሲሆን ክንድ ይደነግጣል። በሞተር ሲሆን ላሜራው ከእጅ አምልጦ ይወጣል፤ ወይም ይታጠፋል።

ከዚህ የተነሣ ብረት ሠራተኞች የሚከተሉት ልክ አለ፦ በማንኛውም ጊዜ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ጥርስ ብረቱ ውስጥ ይኑር። ለ3 ሚሊ ሜትር ብረት ባለ 24 ምላጭ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልኩን ይሞላል። ለ1 ሚሊ ሜትር ግን ባለ 32ቱም፣ ክፍተቱ 0.8 ሆኖ፣ አንድ ጥርስ ተኩል እንኳ አያስገባም። እዚህ ላይ ነው ብልሃት የሚመጣው። ምላጩን ቀጥ አድርጎ ከመያዝ ይልቅ ወደ ላሜራው ዘንበል ማድረግ ነው። በ30 ዲግሪ ሲያዘነብሉት 1 ሚሊ ሜትሩ ላሜራ ለምላጩ 2 ሚሊ ሜትር ይሆንበታል፤ ሁለት ጥርስ ተኩል ገባ ማለት ነው። ሌላው ብልሃት ላሜራውን በሁለት ስስ ፕላይውድ መካከል አድርጎ በሞርሴቶ አጥብቆ፣ እንጨቱንና ብረቱን አብሮ መቁረጥ ነው። ጥርሱ እንጨቱ ውስጥ ስለሚሆን አይሰነቅርም፤ ላሜራውም መርገብገቢያ ቦታ ያጣል። ጊዜ ይወስዳል፤ ጠርዙ ግን ንጹሕ ነው።

ለጣሪያ ቆርቆሮ ይህም አያዋጣም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለማይሞላ ነገር የሚበቃ ጥርስ የለም። ስለዚህ ለቆርቆሮ መጋዝ አይገዛም፤ መቀስ ይገዛል። የአንድ ማድ ቤት ወይም የአንድ ሱቅ ጣሪያ ከሆነ ጥሩ የእጅ የቆርቆሮ መቀስ ይበቃል። ብዙዎቹ አምራቾች እጀታውን በቀለም ይለያሉ፦ ቀዩ ወደ ግራ እያጠፈ፣ አረንጓዴው ወደ ቀኝ እያጠፈ፣ ቢጫው ቀጥ ብሎ ይቆርጣል። በቀን አሥርና ሃያ ቆርቆሮ የሚቆርጥ ሰው ኒብለር የሚባለውን ቢይዝ እጁን ያሳርፋል። ኒብለር ቆርቆሮን እንደ አይጥ እየቆረጠመ የሚሄድ መሣሪያ ነው። ውስጡ አንዲት ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰች ጨረቃ መሳይ ቁራጭ ታወጣለች። ፍንጣሪ የለውም፤ አያግልም፤ የኢጋውን ወጣ ገባ ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። የእጅ ኒብለሮች ብዙውን ጊዜ እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ብረት ይቆርጣሉ። በድሪል ራስ ላይ የሚገጠም ርካሽ ዓይነትም አለ፤ ለአልፎ አልፎ ሥራ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ መሣሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስመር በልቶ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ሲቆርጡ መሣሪያው በሚጣለው ወገን ላይ ይሂድ። የሚረግፉት ትንንሽ ጨረቃዎችም ስለታም ናቸው፤ የጫማ ሶል ይበሳሉ፤ ልጅ በባዶ እግሩ በሚሄድበት ግቢ ወዲያው ይለቀሙ።

ላሜራ ላይ መስኮት ማውጣት፣ ክብ መቁረጥ፣ ለሶኬት ቀዳዳ መክፈት ከሆነ ሥራው የጂግሶው ነው። አነሣሡ ከልብስ ስፌት መኪና ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1946 በስዊዘርላንድ ሲንቲላ በተባለ ድርጅት ይሠራ የነበረው አልበርት ካውፍማን በሚስቱ የስፌት መኪና መርፌ ፋንታ የመጋዝ ምላጭ ገጥሞ እንደሞከረው ይነገራል። እንቅስቃሴው እስከ ዛሬ ያው የመርፌ እንቅስቃሴ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ጥርሱ ወደ ላይ ስለሚያይ በእያንዳንዱ ምልልስ ላሜራውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ እንዳይነሣ የሚይዘው የማሽኑ መርገጫ ብረት ነው። መርገጫውን ላሜራው ላይ ተጭኖ የማይዝ ሰው ላሜራው ሲንቀጠቀጥ፣ ሲጮህ፣ በመጨረሻም ምላጩ ሲሰበር ያያል።

ጂግሶው ሲገዙ ከዋጋው ቀጥሎ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። ፍጥነቱ የሚስተካከል ይሁን፤ ብረት ዝግ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በእንጨት ፍጥነት የተሠራበት የብረት ምላጭ በደቂቃዎች ውስጥ ጥርሱ ይዶለዱማል። ምላጩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያወዛውዘው መዘውር ወደ ዜሮ የሚመለስ ይሁን፤ ያ ውዝዋዜ ለእንጨት የተፈጠረ ነው፤ ስስ ብረትን ይደበድባል። የሚወስደው ምላጭም ባለ ቲ ቅርጽ እግር ይሁን፤ በየትኛውም ሱቅ የሚገኘው እሱ ነው። የምላጩን ጉዳይ ከማሽኑ በላይ እከራከርለታለሁ፤ ውድ ማሽን ላይ የእንጨት ምላጭ ሰክተው ብረት አልቆርጥ አለ የሚሉ ብዙ አይቻለሁ። ለምሳሌ ቦሽ ቲ118ጂ ብሎ የሚሸጠው ምላጭ ክፍተቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከግማሽ እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ላለ ላሜራ የተሠራ። ቲ118ኤ ክፍተቱ 1.2 ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ላለ። ሌሎች አምራቾችም ይህንኑ አጠራር ስለሚከተሉ ቁጥሩን ይዞ መጠየቅ ይረዳል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። መስመሩን ከማስመርዎ በፊት የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ መስመሩ በደንብ ይታያል፤ መርገጫውም ቀለም አይፍቅም። ምላጩ የሚገባበትን ቀዳዳ በ10 ሚሊ ሜትር ሳይታ ይብሱ። ላሜራው ከመስመሩ ግራና ቀኝ ከሥሩ እንጨት ይኑረው። መስመሩ ላይ ጠብታ ዘይት ያድርጉ፤ አሉሚኒየም ከሆነ ሻማ ወይም ደረቅ ሳሙና ምላጩ ላይ ይሹበት። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ጥርስ መካከል ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ምላጩ መፋቅ እንጂ መቁረጥ አይችልም።

ወደ ግራይንደር እንመለስ፤ ምክንያቱም በየብረታ ብረት ቤቱ የሚገኘው እሱ ነው። ይህን መሣሪያ አልጠላውም። ቱቦላሬ፣ አንግል ብረት፣ ፌሮ ለመቁረጥ፣ የብየዳ ጉብታ ለማስተካከል የሚተካከለው የለም። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ ዲስክ ይግዙ፤ ወፍራሙ ዲስክ ብዙ ስለሚፈጭ ብዙ ያግላል። አይዝጌ ብረት ከሆነ ኢኖክስ የሚል የተጻፈበትን ይውሰዱ፤ ተራ ብረት የቆረጠበትን ዲስክ መልሰው አይጠቀሙበት፤ የተራው ብረት ብናኝ አይዝጌው ላይ ገብቶ ይዝጋል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በአንድ ብረት ቤት መከለያው የተፈታ ትንሽ ግራይንደር ላይ ትልቅ ዲስክ ተገጥሞ ሲሠራበት አየሁ። ለምን ቢባል ትንሹ ዲስክ አልደርስ ስላለ ነው። «ጋሼ፣ ምንም አይልም፤ ሁሌም እንዲህ ነው የምንሠራው» አለኝ ልጁ። እስቲ እንቁጠረው። መቁረጫ ዲስኮች የሚሠሩት ጠርዛቸው በሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ እንዳይሮጥ ተደርጎ ነው። ለዚህ ነው ባለ 115 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ላይ 13,300፣ ባለ 125ቱ ላይ 12,250፣ ባለ 230ው ላይ 6,650 አካባቢ የሚል የዙር ገደብ የሚጻፈው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ አካባቢ ይዞራል። ባለ 230ውን ዲስክ ሲሸከም ጠርዙ በሰከንድ 132 ሜትር ይሮጣል፤ በሰዓት ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ዲስክ ደግሞ በሙጫና በመረብ የተያያዘ አሸዋ መሰል ቅንጣት ነው። በዚያ ፍጥነት ሲፈረካከስ ወደ የት እንደሚሄድ የሚወስነው መከለያው ነበር፤ እሱም ተፈቷል። ልጁን በዕድሜ ስለምበልጠው ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። ዲስኩን አውልቆ ወደ ሴጌቶ ሄደ።

ዲስኩ መሐል ያለችውን የብረት ቀለበትም ይዩ። ወርና ዓመት ተቀርጾባታል፤ ዲስኩ የሚያገለግልበት የመጨረሻ ጊዜ ነው። ሙጫው እርጥበት እየጠጣ ያረጃል፤ የመጋዘን ዕቃ ርካሽ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ለዓይን የፀሐይ መነጽር አይበቃም፤ ጎኑ የተዘጋ የመከላከያ መነጽር ነው የሚያስፈልገው። ዓይን ውስጥ የገባ የብረት ቅንጣት በሰዓታት ውስጥ ኮርኒያ ላይ የዝገት ቀለበት ይተዋል፤ በክብሪት ወይም በመሐረብ ጫፍ የሚያወጣ ጓደኛ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚፈለገው። ዚንክ የተለበጠ ብረት ዝግ ክፍል ውስጥ በእሳት ሲቆረጥ ወይም ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ለዚህ ወተት ጠጣ የሚል ምክር በየቦታው አለ፤ ሆድ የገባ ወተት ሳንባ የገባውን ጭስ አያወጣም። በር መክፈትና ደጅ መሥራት ነው የሚጠቅመው።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ያየ ሰው በርሜል ምን ምን እንደሚሆን ያውቃል። እዚያ አሮጌ በርሜል በመሮና በመዶሻ ተከፍቶ ምድጃም ባልዲም ይሆናል። ያ የእጅ ሥራ ቀስ ያለ ቢመስልም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እንደ ግራይንደር የፍንጣሪ ጎርፍ አያወርድም። ቤንዚን ወይም የቀለም ማቅጠኛ የነበረበትን በርሜል ባዶ ነው ብሎ በግራይንደር የሚከፍት ሰው ፈንጂ እየከፈተ ነው። የሚነደው የቀረው ተን ነው፤ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ በርሜል ውስጥ ለወራት ይቆያል። ምን እንደነበረበት የማያውቁትንም በርሜል አይንኩት።

ስለ ሌሎቹ መጋዞች ብዙ አልልም። ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ረጅም ምላጭ ያለው መጋዝ ለማፍረስ ሥራ ጥሩ ነው፤ ላሜራን ግን እንደ ከበሮ ይመታዋል፤ ለስስ ብረት አይግዙት። ተሸካሚ ባንድሶው ቱቦና ቱቦላሬ ላይ እጅግ ንጹሕ ነው፤ ሰፊ ላሜራ ግን አንገቱ ውስጥ አይገባም። ካርባይድ ጥርስ ያለው የብረት ክብ መጋዝ ላሜራን ቀጥ አድርጎ ለመሰንጠቅ ድንቅ ነው፤ ፍንጣሪው ጥቂት፣ ጠርዙ ለእጅ የማያቃጥል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሳምንቱን ሙሉ በርና መስኮት ለሚሠራ ቤት ግን ያወጣዋል። እዚህ ላይ አንድ የማያፈናፍን ነገር አለ፦ ቱቦላሬ የሚቆርጠው ባለ 355 ሚሊ ሜትር የጠረጴዛ ማሽን በሁለት ዓይነት ይሠራል። ለድንጋይ ዲስክ የተሠራው በደቂቃ ወደ 3,800 ይዞራል፤ ለካርባይድ ጥርስ የተሠራው 1,300 አካባቢ ነው። የካርባይዱን ምላጭ ፈጣኑ ላይ የገጠመ ሰው ጥርሱ ተነቅሎ ይበርበታል። ቀዳዳው ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።

ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኝ ማሽን አለ የሚሉም አሉ። የአሜሪካ ቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። በቀጥታ ሲሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ማምጣት ካለባቸው በባትሪ የሚሠራውን ያምጡ፤ እሱም ቢሆን ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ ባለ 220 ቻርጀር ይፈልጉለት። ትርፍ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ተይዞ አውሮፕላን ላይ እንዲገባ ነው ሕጉ፤ 18 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት የሆነው 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከ100ው ገደብ በታች ያልፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለጣሪያ ሥራ ባትሪ ያለው መሣሪያ ሌላም ጥቅም አለው፤ መሰላል ላይ የሚጎተት ገመድ አይኖርም።

የማድ ቤቱን ጣሪያ ባለፈው ጥር ሁለት ቆርቆሮ ቀየርንለት። ቆርቆሮው በጀርባው፣ ቀለም በሌለው ወገን፣ ብርድ ልብስ ላይ ተጋደመ። ቀጥ ያለውን በኒብለር፣ የጭስ ማውጫውን ዙሪያ በቀዩና በአረንጓዴው መቀስ ቆረጥነው። ለቡሎን ስንበሳ የወጣውን ብናኝ፣ ፀሐይ ላይ ትንሽ ስለሚመስል ሰው የሚንቀውን፣ ከመሰላሉ ከመውረዳችን በፊት በለስላሳ መጥረጊያ ወደ አሸንዳው ጠረግነው፤ ከአሸንዳውም በእጅ ለቅመን በጣሳ አወረድነው። ያን ቀን ማታ በጋ ላይ ያልታሰበ ዝናብ ዘነበ።